የሊማሊሞዋ ኦፔል

ባለቤቴ ዕድሜውን በአሮጌ ኦፔል መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሮ ሲሞት፣ አንድ የእሱ ፎቶ እንኳ አልነበረኝም። በሙት ዓመቱ ሰሞን መተማ አንዲት ሻይ ቤት ብገባ፣ ሁለት አዛውንት ሾፌሮች ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለ የድሮ የሊማሊሞ መንገድ ፎቶ ይጨቃጨቃሉ።

«የፊቷ ፊያት፣ የኋላዋ ፔጆ!»

«ዓይንህን ታከም! የኋላዋ ኦፔል ናት።»

«እህቴ፣ እስኪ ፍረጅን።»

ቀረብ አልኩ። ከኋለኛዋ መኪና ሥር ሁለት ባዶ እግሮች ወጥተዋል፤ ጫማዎቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደሚወለቁት ከጎማው አጠገብ ተቀምጠዋል። መኪና ሥር ሲገባ ጫማውን የሚያወልቅ ሾፌር ከባሌ በቀር አላውቅም።

«ኦፔል ናት» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ። «እግሩም የባሌ ነው።»

ፔጆ ያሉት ሽማግሌ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ፎቶውን አውርደው፣ አቧራውን በአንገታቸው ፎጣ ወልውለው አስታቀፉኝ። ለካስ ሻይ ቤቱ የእሳቸው ኖሯል።