የሰማይ ባልና ሚስት ሽምግልና

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የካልሲ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ አሥራ አራት ሰው። ፖሊሶች ማለዳ ቂሊንጦ ወዳለው የፋብሪካ ሥራዬ ከሚወስደኝ ሰርቪስ ላይ አውርደው፣ ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት ነገር ጠይቀውኝ፣ ቃሊቲ አካባቢ ካለ አንድ ጣቢያ አስገቡኝ። እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም ነበር።

ምሳ ሲደርስ የት እንደምቀመጥ ግራ ገባኝ። በእስረኛ ደንብ ከየቤቱ የመጣ ስንቅ አንድ ላይ ይቀርባል፣ ያመጣውም ያላመጣውም እኩል ይበላል። እዚህ ግን ሁለት ክብ ተሠርቷል። በአንዱ የስልጤ ሰው የሆኑ ባለሱቅ፣ በሌላው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ተቀምጠዋል። ሁለቱ አቃቂ ውስጥ ለሃያ ዓመት አጥር የተጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። በአንድ ቀን ሲያዙ ባለሱቁ «ስሜን ለፖሊስ የሰጠው እሱ ነው» ብለው ጠረጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ሰኞ ባለሱቁ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ከተፈቱ ቂሙ አብሯቸው ሊወጣ ነው።

ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጡት አለቃ፣ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በሁለቱ ክቦች መሃል አስቀመጠኝና ከግራም ከቀኝም አጎረሱኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ በላሁ።

ከምሳ በኋላ አዲስ ገቢ የሚያውቀውን ማስተማር አለበት ተባለ። ሹፌሩ ስለ ካምቢዮ አስተምሮ ነበር። እኔ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ምን አውቃለሁ? የቀረኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን የጥንት ግሪኮችን አማልክት ሳታውቁ የእንግሊዞችን ሥነ ጽሑፍ አትረዱም እያሉ ሁለቱንም ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ብዬ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ቁጭ በል» አሉኝ።

ስለ ግሪኮቹ አምላክ፣ ስለ ሰማዩ ንጉሥና ስለ ሚስቱ ጀመርኩ። ባለሱቁ አስተግፊሩላህ አሉ፣ የባቡሩ ሰው አማተቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ተረት ነው ብዬ አረጋጋኋቸው። ባል ይማግጣል፣ ሚስት ትጠረጥራለች፣ ንዴቷን ደግሞ ምንም በማያውቀው ሰው ላይ ትወጣለች። ሦስተኛው በቀል ላይ ስደርስ የባቡሩ ሰው አላስቻላቸውም።

«ቆይ አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም?»

የላቸውም አልኩ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ ለማንም ሊዋጥለት አልቻለም። ካቦው ይሄኔ ሽማግሌ ይመረጥ አለና ሁለቱን ጎረቤታሞች ሽማግሌ አድርጎ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እኔ ባል ሆንኩ፤ አንድ ጢማም ፀጉር አስተካካይ ፎጣ ተከናንቦ ሚስት ሆነ። ሳቃችን ፖሊስ ጠራ፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

የባቡሩ ሰው እኔን በደንብ ከገሠጹ በኋላ ባለሱቁ ወደ ሚስት ዞሩ።

«ልጄ፣ መጠርጠርስ ጠረጠርሽ። ሰውየውን ሳትጠይቂ መቅጣትሽ ግን...» አሉና ጎረቤታቸውን አዩ። «እኔም አልጠየቅኩህም።»

«አልጠየቅከኝም።»

«ስሜን ሰጥተሃል?»

«ልጆችህ እኔ ቤት ነው ያደጉት። አልሰጠሁም።»

ባለሱቁ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡና የጎረቤታቸውን ትከሻ ሳሙ። «አውፍ በለኝ» አሉ። «ይቅር ለእግዜር» አሉ የባቡሩ ሰው። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን እንደተከናነበ አለቀሰ፤ እኔም እንደዚያው። እራት በአንድ ክብ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ፖሊሱ ባለሱቁን ሊወስድ ሲመጣ ሽሮው ገና አላለቀም ነበር። «ታገሠኝ ልጄ፣ ከጎረቤቴ ጋር ቁርስ ይዣለሁ» አሉት፤ አልቸኮሉም። ፖሊሱ በሩን ይዞ ጠበቀ። በዚያው ቀን ተፈቱ፤ እኔና የባቡሩ ሰውም በየተራችን ተከተልን።

አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በአቃቂ ሳልፍ ሱቁ ጋ እወርዳለሁ። ሁለቱም በረንዳው ላይ በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እነዚያ ባልና ሚስት እንዴት ሆኑ?»

«ሰላም ናቸው» እላለሁ።

መምህራችን ባስተማሩን ተረት ውስጥ ግን እስከ መጨረሻው እንደተጣሉ ናቸው። ይህን ለሁለቱም ነግሬያቸው አላውቅም።