በብርድ ልብስ የተሠራ ማታ

ልጅ ሳለሁ፣ ሌላው ልጅ ጨለማ ሲፈራ እኔ የምፈራው በጠራራ ፀሐይ ተረት እንዳይወራ ነበር። ይህን ፍርሃት ያስያዙኝ አደይ ለተብርሃን ናቸው። አሜሪካ፣ ሆፕኪንስ ከተማ ውስጥ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩ ኤርትራዊት ነበሩ፤ አማርኛውን አስመራ ትምህርት ቤት ተምረውት ከእኔ በሺህ እጅ ይሻላሉ። እናቴ ሥራ ስትገባ፣ አባቴም ታክሲውን ይዞ ሲወጣ የምቀመጠው እሳቸው ጋ ነው። ያኔ ትልቁን መብራት ያጠፉና አጭሯን የጠረጴዛ መብራት ያበራሉ፤ የቤቱ ማሞቂያ ራዲያተር ቋ ቋ እያለ፣ ቁሌት ቁሌት የሚለውን ነጠላቸውን እግሬ ላይ ጣል አድርገው «ተረት ተረት» ይላሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ቢለምኗቸው ወይ ፍንክች! «ቀን ተረት ከተወራ፣ መንገድ የወጣ ሰው መመለሻው ይጠፋዋል» ይሉኛል፤ ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። የእኔ አባት ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሎሬታ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ፊልም ትሠራለች፤ ማለቴ፣ ሌሎች ሲሠሩ ገመድ ትጎትታለች፣ መብራት ትሸከማለች። «ዳይሬክት ላድርግ» ባለች ቁጥር ወንዶቹ ይስቁባታል፤ እሷን የመሰለች ሴት በዚያ ወንበር ተቀምጣ አይተው አያውቁማ። አንድ ማታ አደይን ልትጠይቅ መጥታ ተረት ላይ ደረሰች። አንድም ቃል ሳይገባት እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ «ፊልም ላንሳዎት» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣቻቸው። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የእሷን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ የአደይን ቁጣ ወደ ትሕትና እቀይራለሁ። በስንት ልመና እሺ አሉ።

ካሜራውን መሥሪያ ቤቷ ያዋሳት ለአንዲት ቅዳሜ ነው፤ ሳይመሽ መመለስ አለባት። ታዲያ እሷ እቴ፣ በቀትር ከች! አደይ ካሜራውን አዩ፣ መስኮቱን አዩና «ዋይ ጓለይ፣ ልጄ! በቀን? አብደሻል ወይ በያት!» አሉኝ።

ነገሩን ሳስረዳት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው እናስመሸዋለን» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ ተሸክማ ተመለሰች። መስኮቶቹን ጋረድን፣ ስንጥቁን በፎጣና በካልሲ ጠቀጠቅን፤ ቤቱ ድቅድቅ አለ። አጭሯን መብራት ስታበራ አደይ ዙሪያውን ቃኙና ሳቅ አመለጣቸው። «ይቺ ተንኮለኛ! በይ እሺ፣ መሽቷል» አሉ።

እኔ ግን አልመሸልኝም። ከብርድ ልብሱ ወዲያ ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ሌሊት የጀመረው በረዶ አላባራም፤ አባቴ ማለዳ ወደ ኤርፖርት ድራይቭ አድርጎ «ለምሳ እመጣለሁ» ያለው ምሳ አልፏል። ስልክም አልደወለም። ፈራሁ፤ ለማን ይነገራል? አደይ «ጨው ሊያመጣ በረሃ የወረደ አንድ ነጋዴ ነበረ» ብለው ሲጀምሩ ነጠላቸውን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ። ተረት ጠፍቶ ነው የመንገደኛ ተረት? ካሜራው እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ሎሬታ ትንፋሿን ውጣለች፣ የአደይ ጥላ ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እኔ የማየው በሩን ብቻ ነው። በኮሪደሩ ኮቴ ባለፈ ቁጥር አንገቴን ቀና አደርጋለሁ፤ ኮቴው ግን ሌላ ቤት ይገባል። «ፈጣሪዬ፣ መሽቷል በልልኝ» እያልኩ በሆዴ ጸለይኩ።

«ሚስቲቱም የባሏን እራት ከድና…» ሲሉ በሩ ተከፈተ። ከኮሪደሩ መስኮት የቀን ብርሃን ቦግ ብሎ ገባ፤ መሀሉ ላይ አባቴ፣ ትከሻው በረዶ ተሸክሞ። ጮኼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አደይ ተረታቸውን ጥለው «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ተነሡ። አባቴ የተጋረደውን መስኮት አየ፣ የእኔን እንባ አየና ክው አለ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለ። ለካ ታክሲው ሀይዌይ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገብቶበት ሲያስወጣ ነው የዋለው።

ሎሬታ ካሜራውን አላጠፋችም ነበር። በኋላ ወንዶቹ «ጥሩ ነበር፣ በሩ አበላሸው፤ ቁረጪው» ቢሏት፣ «ፊልሙ እኮ በሩ ነው» ብላ እንቢ አለች። በዚያች አጭር ፊልም ሰው አወቃት፤ እሷን የመሰለች ሴት ዳይሬክተር ቀጥሮ የማያውቅ ድርጅት ሥራ ሰጣት፤ ከእሷ ኋላ የመጡት ልጃገረዶች ገመድ ሳይሆን ካሜራ ይዘው ገቡ። ትልልቅ ፊልሞቿን ሁሉ አይቻለሁ። አንዱም ሰው የሚጠበቅበት በር አጥቶ አያውቅም።

አደይ ያንን ተረት አልጨረሱትም። ስጨቀጭቃቸው «አባትሽ ገባ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ!» ይሉኝ ነበር። ዛሬ እሳቸውም አባቴም የሉም። ፊልሙ ግን አለኝ፤ ምን እንደሚመጣ እያወቅሁም በሩ እስኪከፈት ዓይኔን አልነቅልም።

ልጆቼ አያታቸውን በፊልሙ ማየት ሲያምራቸው በእንግሊዝኛቸው «አሁን እንየው» ይሉኛል። መስኮቱን አያለሁ፤ ፀሐይ ነው።

«ሲመሽ» እላቸዋለሁ። «አባታችሁ ገና መንገድ ላይ ነው።»