በሰይድ ስም የመጣው መርዶ

ዛሬ ወግዲ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ ሞቱ የተባሉት ጋሽ ይመር ራሳቸው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

ጋሽ ይመር መካነ ሰላም በሙያ ማሰልጠኛችን ኤሌክትሪክ የሚያስተምረው የባልደረባችን የሰይድ አባት ናቸው። ጠዋት በሰይድ ፌስቡክ «አባቴ ወደ አኼራ ሄደ፤ ድረሱልኝ» የሚል መልእክት ደረሰን። እሱ ለሥራ ወደ ደሴ ሄዷል፤ ብንደውል ስልኩ አልሠራም። ሚኒባስ ይዘን ወጣን።

እናቱ እትዬ ዘሀራ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ እያለቀስን ስንመጣ አዩን። ባላቸው አጠገባቸው ናቸው። ታዲያ ማን ሞተ ይበሉ?

«ያ አላህ! ሰይዴን!» ብለው ወደቁ።

ጋሽ ይመር ደግፈው ይዘው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሏቸዋል፤ ወደ እኛ ዞረው ደግሞ «ልጄን ምን አገኘው? ተናገሩ እንጂ!» ይላሉ። እኛም ወደ ሰይድ ደጋግመን መደወል ጀመርን፤ እሱስ በሕይወት መኖሩን በምን እናውቃለን?

ከብዙ ሙከራ በኋላ ሰይድ ስልኩን አነሳ። እናቱ ድምፁን ሰምተውም አላመኑም። «እስቲ ደግመህ እማ በለኝ» እያሉ አስደጋገሙት።

ለካ ፌስቡኩን በመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ትቶት ነው የሄደው። ማን እንደጻፈው እስካሁን አልታወቀም።

የአይሲቲ አሰልጣኛችን ሐና በቅርቡ ስለዚሁ ጉዳይ ስልጠና ጠርታን አዳራሹ ባዶ ነበር። (ሻይና ዳቦ አለ ብትል ኖሮ መቀመጫ አይገኝም ነበር።) ዛሬ ስንመለስ ማንም ሳይጠራን ቢሮዋ ገባን። የይለፍ ቃላችንን ስንቀይር አንድም የቀለደ ሰው አልነበረም።

እናንተስ፣ በስማችሁ ሌላ ሰው ጽፎባችሁ ያውቃል? እባካችሁ እዚህ ጻፉልን፤ የሌላ ሰው እናት እንዳትወድቅ።