የክሬኑ ዕረፍት

አሰልጣኙ «ጋሼ፣ የፊታችን ቅዳሜ አትጫወትም፤ ታርፋለህ» ሲለው ክሬኑ እንደ ሌሎች አንጋፋ ተጫዋቾች አላኮረፈም፤ ክብሬ ተነካ ብሎም አልተቆጣም። ደነገጠ እንጂ።

«ማረፉስ ጥሩ ነበር» አለ ጉልበቱን እያሻሸ። «ግን ቤት የግድ መስማት አለባቸው?»

አሰልጣኙ ቀልድ መሰለው። ምን ያድርግ፣ ገና ልጅ ነው። ሚስት አላገባም፣ አማት የለውም፣ ስለ ዕረፍት የሚያውቀው ኮርስ ላይ የተማረውን ብቻ ነው።

ክሬኑ የፕላስቲክ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ለፋብሪካውም ቡድን ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሜዳ ሰዎች ናቸው፣ በጉብዝናው ወራት ከሰው ሁሉ በላይ እጁን ዘርግቶ ኳስ ሲለቅም አይተው። ዘመዶቹ ግን ስሙን የምር ወሰዱት። ከባድ የሆነ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ደረጃ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ የእሱ ድርሻ ሆነ። አሁን አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ቀኝ ጉልበቱ አየር ሲቀየር ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ይህን ሁሉ ዘመን ተጫውቶ አንድ ዋንጫ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቡድኑ ጠንክሯል። ከአንደኛና ከሁለተኛ ካልወረደ የዋንጫውን ጨዋታ ይጫወታል። ክሬኑ ያቺን አንዲት ጨዋታ በደህና ጉልበት መጫወት ፈለገ፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ እንዳሻው ይሁን።

አሰልጣኙም ያሰበው ይህንኑ ነው፤ በቀላሎቹ ጨዋታዎች አሳርፎት ለትልቁ ቀን ሊያደርሰው። ሥራ አስኪያጁ ግን አንድም ድል እንዲያመልጠው አይፈልግም። ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቀው ኳሷ ክብ መሆኗን ነው፤ ነገር ግን ሰኞ ሰኞ ከሌሎች ፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ጋር ስብሰባ ስላለው ተሸንፎ መግባት ያንገበግበዋል። «ደመወዝ እየበሉ ማረፍ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?» ይላል። ከምሳ በኋላ ቢሮውን ዘግቶ የሚያንኮራፋው እሱው ራሱ ነው።

ያም ሆነ ይህ ክሬኑ ዐረፈ። ማለት፣ ዐረፈ ተባለ።

«ዛሬ ጨዋታ የለህም እንዴ?» አለችው ሚስቱ ቅዳሜ ጠዋት። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ክፉ ሴት አይደለችም።

«አሳረፉኝ።»

ፊቷ በራ። «ተመስገን! በቃ የእማዬን ቁም ሣጥን ዛሬ እንገላገለው!»

የአማቱ ቁም ሣጥን ያያቶች ዘመን ዕቃ ነው፤ ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ መውጣት ነበረበት፤ አሳንሰሩ ደግሞ አላስገባውም አለ። ክሬኑ ከታች ሆኖ ተሸከመ። አማቱ ከላይ ሆነው «ቀስ! እንዳይሰበር!» እያሉ ጮኹ። ለጉልበቱ የሰጉለት መስሎት ደስ አለው፤ ኋላ ነው ስለ ቁም ሣጥኑ መስተዋት መሆኑ የገባው። በሚቀጥለው ዕረፍቱ የሚስቱ ወንድም ጣሪያ አስቀባው፤ «አንተ እኮ መሰላል አያስፈልግህም፣ ታድለህ!» እያለ። ከዚያ ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ደግሞ የውሃ በርሜል ነበረው።

ጉልበቱ አብጦ ሱሪ አልገባ አለ።

«እኔ እያሳረፍኩህ ጭራሽ ባሰብህ?» አለ አሰልጣኙ ግራ ገብቶት።

«ወንድሜ፣ አንተ ስታሳርፈኝ ነው የምደክመው። እባክህ ጨዋታ ስጠኝና ልረፍ!» አለው ክሬኑ፣ የቁም ሣጥኑንም የጣሪያውንም የበርሜሉንም ነገር አንድ ባንድ አጫወተው።

አሰልጣኙ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲበቃው መላ ዘየደ። ክሬኑ ማሊያውን ለብሶ ይመጣል፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አይገባም። ቤት ውስጥ ደግሞ «ሥራ አስኪያጁ አንድም ጨዋታ እንዳያመልጥህ ብሎኛል» ይላል። ሥራ አስኪያጁ በድል ፍቅር የታወቀ ስለሆነ ውሸቷ ያለ ምንም ችግር አለፈች። አማቱ እንኳ «እሱ ጨካኝ፣ የሰው ልጅ አይደለም እንዴ!» ብለው ረገሙለት።

ክሬኑ እንዲህ ያለ ወንበር ዐይቶ አያውቅም። ማንም «ና አንሳልኝ» አይለውም፤ ፎጣ ያቀብሉታል፣ ጉልበቱ ላይ በረዶ ያኖሩለታል፣ ብርቱካን ይልጣል። እብጠቱም ቀስ በቀስ ጎደለ። ችግሩ ትወናው ላይ ነው፤ አበዛው። ሰፈር ሲደርስ ማንከስ ይጀምራል፣ ደረጃው ላይ «ወይኔ!» ይላል፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ በቆመችባቸው እግሮች እንደገና ቆማ ውሃ ታሞቅለታለች፣ ጨው ጨምራ እግሩን ትዘፈዝፍለታለች። እዚህ ላይ ሰውየው ትንሽ ማፈር ነበረበት። አላፈረም። «ትንሽ ሞቅ ይበል» አለ እንጂ።

እንዲህ ሲያነክስ ማየቱ ሆዷን በላት። አንድ ቀን አለቃዋን አስፈቅዳ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣችና፣ ለእሱ ሳትነግረው፣ ቀጥታ ወደ ስፖርት አዳራሹ ሄደች። ጨዋታው ተጋግሏል። ወደ ሜዳው አልተመለከተችም። የመጣችው ለሥራ አስኪያጁ ነው፤ የክብር ወንበሩ ላይ አገኘችው።

«ምነው ጌታዬ፣ እግዜርን አይፈሩም? ባሌን እኮ ገደሉት! ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አያርፍም?»

«የቱን ባልሽን?»

«ክሬኑን ነዋ!»

«እሱን?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ተገርሞ። «እኔማ ይጫወት ባይ ነበርኩ፣ አሰልጣኙ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብሎኝ እንጂ። ወር ሙሉ ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም። ያውልሽ።»

ዞር አለች። ክሬኑ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ አፉን በብርቱካን ሞልቶ፣ ከጎኑ ያለውን ልጅ በቀልድ ያስቃል። ዐይን ለዐይን ተጋጩ። ብርቱካኑ አልዋጥ አለው።

ማታ ቤት አልጮኸችም፤ መጮኋ ይሻለው ነበር።

«መዋሸትህ አይደለም የከነከነኝ» አለች። «ውሃው ሞቅ ይበል ማለትህ ነው።»

«ዐርፌያለሁ ስላችሁ ቁም ሣጥን አሸከማችሁኝ! ምን ላድርግ?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች። «ብቻ አንተ ታድለሃል፣ መደበቂያ ወንበር አገኘህ። እኔ የት ልደበቅ?»

 «መጨረሻ ያረፍሽው መቼ ነው?» አላት።

«ሁለተኛዋን ስወልድ ሆስፒታል አስተኝተውኝ የለ? ያኔ።»

ሁለተኛዋ ልጃቸው አሁን በቁመት እናቷን በልጣለች። ክሬኑ ያን ሌሊት ጉልበቱ ሳያመው እንቅልፍ አጣ።

በማግስቱ አሰልጣኙ ዘንድ ሄደ። «በዋንጫው ቀን ሚስቴ ከተጠባባቂዎች ጋር ትቀመጥ።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግከውን በላት። ቱታ ብቻ ስጣት።»

ለአማቱ ሥራ አስኪያጁ አዝዟል ተባለ፤ እሱን መርገም ለምደውታልና ሌላ ጥያቄ አላነሱም። ሚስቱ ግን ቱታውን በእጇ ይዛ አመነታች። «እኔ ስለ ኳስ ምን ዐውቃለሁ?»

«ማወቅ አያስፈልግም። እኔ ወር ሙሉ ሠርቼበታለሁ፣ መቀመጥ ብቻ ነው።»

የዋንጫው ቀን ሲደርስ፣ ድል በድል ላይ ሲያሳድዱ የከረሙት ወጣቶች አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ጠምጥሟል፣ ሌላው ጣቱን አስሯል፣ ሌላውም ወገቡን ይዟል። ሥራ አስኪያጁ ድሎቹን ሁሉ በስብሰባ ላይ ጨርሷቸዋል፤ ለዛሬ ያተረፈው ነገር የለም። ኳስ ሁሉ ወደ ክሬኑ ሆነ። ጉልበቱም አላሳፈረውም። ማብቂያው ላይ፣ በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ ከሁለት ጎረምሶች መካከል ዘሎ ኳሷን ከመረብ አገናኛት። ፊሽካ ተነፋ። አዳራሹ ቀለጠ።

ክሬኑ መጀመሪያ የዞረው ወደ ወንበሩ ነው፤ አይታው እንደሆነ ለማየት። ሚስቱ ራሷን የፎጣ ክምር ላይ ጥላ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ ተኝታለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ኩም ብሎ።

«ገና ሳንሟሟቅ ነው፣ ጋሼ» አለ አንዱ ተጠባባቂ። «ጥሩምባውም አልቀሰቀሳት።»

ቅር አለው፤ ምኑ ይደበቃል። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ኳስ ገባች፤ ዓለም ሁሉ ዐየ፣ እሷ ቀረች። ዋንጫውን ተቀብሎ፣ ፎቶውን ተነሥቶ ሲመለስም እንደተኛች ናት። ሊቀሰቅሳት እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደደ።

ይህን ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ቶሎ አወጣው። አማቱ ናቸው።

«ልጄ የት ገባች? ብዙ የሚታጠብ ነገር አለ፣ ቶሎ ትምጣልኝ!»

ክሬኑ ሚስቱን ተመለከታት። ከዚያ አፉን በእጁ ከልሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጨዋታ ላይ ናት እማማ፣ አይጠብቋት» አለና ስልኩን አጠፋው።