እጅ ነስቶ የወደቀው ተኳሽ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም አጠገብ አንድ ፖሊስ፣ ጠመንጃ ለደገነበት ሰው ኮፍያውን አውልቆ እጅ ሲነሳ አየሁ።

አትደንግጡ፣ ልምምድ ነው። የፖሊሶችን የተኩስ ሥልጠና እንድገመግም ተጠርቼ ነበር የሄድኩት። ጠመንጃው ከእንጨት የተጠረበ ነው። ወንጀለኛ ሆነው የሚተውኑት ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ደምሌ ናቸው።

ሠልጣኙ ጠዋት ዒላማ ላይ አንድም ጥይት ያልሳተ ልጅ ነው። አያ ደምሌ ከግድግዳው ጀርባ ብቅ ሲሉበት ግን "እንደምን ዋሉ አባቴ?" አላቸው።

እሳቸውም እንደደገኑ፣ "እግዜር ይመስገን ልጄ። እናትህን ተሻላት?" አሉት።

"ደኅና ናት። ይችን ነገር ለእኔ ይስጡኝ፣ አይድከሙ" ብሎ ጠመንጃውን ተቀበላቸው።

አሠልጣኙ "ወድቀሃል" አለው።

"መሣሪያውን እኮ አስፈታኋቸው።"

"በእውነተኛው ቀን ሽማግሌም ይተኩሳል" አለ አሠልጣኙ።

እውነቱን ነው። ልጆቹ ዒላማ መምታት በደንብ ተምረዋል። አባታቸውን የሚያክል ሰው ሲደግንባቸው ምን እንደሚያደርጉ ግን ማንም አላስተማራቸውም። ግምገማዬም ይኸው ነው፤ የወደቀው ልጁ ሳይሆን ሥልጠናው ነው።

አያ ደምሌ ግን የእኔን ግምገማ አልጠበቁም። ወደ አሠልጣኙ ዞር ብለው፣ "ቅድም ጠመንጃውን ስታስይዘኝ እኮ አንተም ጎንበስ ብለህ በሁለት እጅህ ነበር" አሉት።

እስቲ እናንተም አውሩኝ፤ ሥራችሁና አስተዳደጋችሁ የተጣሉበት ቀን ማን አሸነፈ?