ሐኪሙ መቅኖ ቢስ ያለኝ ለት

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ከደከመ ወባ ነው። እኔም ሲደክመኝ መረመሩኝ፤ ወባ የለም አሉ። ቀጥሎ ደም ማነስ ነው ተባለና የብረት ኪኒን ስውጥ ከረምኩ። ጎረቤቴ ደግሞ ቀይ ስር ሽንቴ እስኪቀላ አበላችኝ፤ ይህንንም ጻፊው፣ የልጄ ልጅ። ደሜ ግን ወይ ፍንክች! እናትሽ የደም ካንሰር ነው ብላ ተደብቃ ታለቅስ ጀመር፤ ኋላ አዲስ አበባ ይዛኝ ሄደች።

እዚያ አንድ ለጋ ሐኪም ከዳሌ አጥንቴ ውስጥ ደም የመሰለ ነገር በመርፌ ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ፣ «እማማ፣ ችግሩ መቅኔዎት ላይ ነው» አለኝ።

መቅኖ ቢስ ያለኝ መስሎኝ ቱግ አልኩ። «ይህን ሁሉ ልጅ አሳድጌ የዳርኩትን ሴትዮ?»

እናትሽ በሳቅ ፈረሰች።

«ኧረ እማማ! አጥንት ውስጥ ሆኖ ደም የሚሠራውን ነው የምለው። ብረትም ቫይታሚንም አልጎደለዎትም። መቅኔው ይሠራል፤ የሚሠራው ደም ግን እንከን ያለበት ነው፣ ሳይወጣ እዚያው ይሞታል።»

«እንደኛ ሰፈር ቧንቧ ቆፋሪ በለኛ! ሲቆፍር ይውላል፣ ውሃ የለም።»

«ካንሰሩስ?» አለች እናትሽ፣ ሳቋ ጠፍቶ።

«አጣዳፊው የደም ካንሰር ቢሆን ያልበሰለ ሕዋስ መቅኔውን ይሞላው ነበር። የእሳቸው እዚያ አልደረሰም። ሊደርስ ግን ይችላል፤ ደም እየሰጠን እንከታተላለን።»

እናትሽ ለንቦጯን ጣለች።

«አልደረሰም ተባለ እኮ!» አልኳት። «ወላሂ፣ ካሁኑ ካለቀስሽ ሲደርስ አልጠራሽም።»