ከብስክሌቴ ሳልወርድ

ሃያ ሁለት ዓመት በምሞላበት ቀን መቶ ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለመሄድ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከአምስት ሰዓት በላይ እንዳይፈጅብኝም ወሰንኩ። ስፖርተኛ አይደለሁም። ብስክሌቷም ወደ ትምህርት ቤት የምመላለስባት፣ ከፊቷ ቅርጫት ያላት ናት። ከቤታችን ተነስቼ በእርሻዎቹ መካከል ጎረቤት ከተማችን መዝከረት ባትያ ደርሼ ስመለስ ሃያ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አምስት ዙር ማለት ነው።

ያላሰብኩበት ነገር የሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ነው። ከሰፈራችን መውጫ፣ ዛፉ ሥር፣ አራት አባቶች ጠዋት ጠዋት ይቀመጣሉ። ወላጆቼ ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት በኖሩበት በጎንደር፣ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሳ እንደነበር አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ነግሮኛል። ስለዚህ በልምምዴ ሁሉ እወርዳለሁ። ሰላምታው ደግሞ አያጥርም። እንዴት አደርሽ? አባትሽስ? ትምህርቱስ? እናትሽን ወገቧን ተሻላት? ስሄድ አንድ ጊዜ፣ ስመለስ አንድ ጊዜ። ስልኬ ላይ ያለው ሰዓት ግን ቆሞ አይጠብቀኝም።

አንድ ጠዋት ጥሩ እየሄድኩ ስለነበር አንገቴን ብቻ ሰበር አድርጌ አለፍኳቸው። አባቴ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የቢሮዎች ሰፈር ካለው የጽዳት ሥራው ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጀመረኝ።

«ልጅህ በቅሎዋ ላይ ሆና ሰላም አለችን ብለውኛል።»

«በቅሎ አይደለችም፣ አባዬ።»

«እሱን ለእነሱ ንገሪያቸው!»

በማግስቱ በእግሬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ነገሩንም አስረዳኋቸው። ከሁሉም የሚበልጡት፣ ባርኔጣ የማይለያቸው አባት፣ «መቶ ኪሎ ሜትር? ማን እያሳደደሽ ነው?» አሉኝ።

«ማንም፣ አባ። ለልደቴ ነው።»

«እና ሄደሽ ሄደሽ የት ትደርሻለሽ?»

«እዚሁ።»

ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ልቤ ከባድ ነበር። በልደቴ ቀንም እወርዳለሁ፤ አምስት ሰዓቱ ይቅርብኝ አልኩ።

ቀኑ ዓርብ ዋለ። ወደ ወንበሩ ስቃረብ ፍሬን ያዝኩ። አራቱም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ሽማግሌ ለእኔ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ባለባርኔጣው አባት ምርኩዛቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው፣ «እንዳትወርጂ! ሰላምታው በኋላ ይደርሳል! ያላ፣ ሂጂ!» ብለው ጮኹ።

ስመለስ ወንበሩ ላይ አንድ ብርቱካን ተቀምጧል። ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ ሁለት ሆነ። በአራተኛው እግሬ ተሳሰረ፤ ነፋሱም ከፊት ይገፋኝ ነበር። እዚህ ላይ ይብቃኝ ብዬ ሳስብ የባለባርኔጣው ድምፅ ደረሰኝ።

«አንድ ቀረሽ፣ ልጄ! ብርቱካኑን ይዤልሻለሁ!»

አምስተኛውን ጨርሼ ቤታችን በር ላይ ስደርስ፣ ከተነሳሁ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ ሆኖ ነበር። አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስልኬን አሳየሁት። አየና በእጁ ወደ ዛፉ አመለከተኝ።

ብስክሌቷን አዞርኩ። ከወንበሩ ራቅ ብዬ ወርጄ እየገፋኋት ተጠጋሁ። ለአራቱም በየተራ እጅ ነሳሁ። አምስት ብርቱካኖች በሰልፍ ተደርድረዋል።

«በይ አሁን ንገሪን» አሉ ባለባርኔጣው አባት፣ ቦታ እየለቀቁልኝ። «እንዴት አደርሽ?»

ስልኬን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።